መብራቱ አረንጓዴ ነበር

ወንድምዬ፣ እንዴት ከረምክ? ሁለት ዓመት ሙሉ ስልክህን ሳላነሳ፣ መልእክትህን እያየሁ ሳልመልስ ቀረሁ። ይቅርታ አድርግልኝ። ምክንያቱን እነግርሃለሁ። መጀመሪያ ግን ባለፈው ሳምንት ሥራ ላይ ያየሁትን ላውራህ፣ ይህን ደብዳቤ ያስጀመረኝ እሱ ነው።

እንደምታውቀው እዚህ ላስ ቬጋስ አንድ ካዚኖ ውስጥ ፖከር አዳይ ነኝ። የሌሊት ፈረቃ። ካርታ አድላለሁ፣ የተበላውን ቺፕስ፣ በገንዘብ ፋንታ የሚያስይዟቸውን ክቦች፣ ሰብስቤ ለበላው እገፋለሁ። የቀረው ሥራዬ ማዳመጥ ነው። አሸናፊ ካርታ ይዘህ መጨረሻ ላይ ስትሸነፍ እዚህ «ባድ ቢት» ይሉታል፣ እና የተበላ ሰው ዝም አይልም።

አንድ ሽማግሌ ደንበኛ አሉን፣ ጡረተኛ ናቸው። ያን ሌሊት ሁለት አስ፣ ከሁሉ የሚበልጠው መነሻ ካርታ፣ መጣላቸውና የነበራቸውን ቺፕስ በሙሉ ገፉ። አንድ ወጣት በሁለት ኪንግ ተከተላቸው። ጠረጴዛው ላይ ለሁለቱም የጋራ ከሚሆኑት አምስት ካርዶች አራቱ ወጡ፣ ልጁን የሚረዳ ምንም የለም። ጠረጴዛውን መታ መታ አደረግሁ፣ አንዱን ካርድ ደፍቼ አስቀመጥኩና የመጨረሻውን ገለበጥኩ። ኪንግ። ልጁ በሦስት ኪንግ በላ። ከቀሩት 44 ካርዶች ልጁን የሚያድኑት ሁለት ብቻ ነበሩ። ሽማግሌው ካርዳቸውን አልወረወሩም። ሁለቱን አስ በአውራ ጣታቸው ጎን ለጎን አስተካክለው ቀስ ብለው ወደኔ ገፏቸው። «አየህ አይደል?» አሉኝ። አዳይ በጨዋታው ላይ አስተያየት አይሰጥም፣ ዝም አልኩ። ከዚያ እስኪነጋ ድረስ አዲስ ለተቀመጠው ሁሉ፣ መጠጥ ለምታመላልሰው ልጅ ሳይቀር ያቺን ጨዋታ ከመጀመሪያዋ ካርታ ጀምረው ሲያወሩ አደሩ።

ድሮ ይህ ይሰለቸኝ ነበር፣ ሂሳቡን አውቀዋለሁና። ሁለት አስ ከሁለት ኪንግ ጋር ሲገጥም ከ100 ጊዜ ወደ 82 ያህሉን ያሸንፋል፣ 18ቱ ለማንም ይደርሳል፣ ራሱ በዚያ 18 የበላበትን ቀን ግን የሚያወራ ሰው አላየሁም። ግን ሌላም ሂሳብ አለ። ሁለት አስ በአማካይ በ221 ዙር አንዴ ነው የሚመጣው። እኛ በሰዓት 30 ዙር ያህል እናድላለን። እኒህ ሰው እንግዲህ ያቺን ካርታ መጥፎ መጥፎውን እየጣሉ፣ ወገባቸውን እያሹ ሰባት ሰዓት ያህል ጠብቀዋታል ማለት ነው። ታዲያ እንዴት አያወሯት?

ትልልቆቹም ላይ ይደርሳል። በፈረንጆቹ 2010 በፖከር የዓለም ሻምፒዮና ዋና ውድድር 7,319 ሰው ገብቶ 15 ሲቀሩ፣ ማት አፍሌክ ሁለት አስ ይዞ ከጆናታን ዱሃሜል ሁለት ጃክ ጋር ተፋጠጠ። አንድ ካርድ ሲቀር ዱሃሜልን የሚያድኑት ከ44ቱ 10 ነበሩ። 8 ወጣች፣ ጠረጴዛው ላይ ካሉት ጋር አምስት ተከታታይ ካርድ ሞላችለት። አፍሌክ 15ኛ ሆኖ ተሰናበተ፣ ዱሃሜል ሻምፒዮን ሆኖ 8.9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወሰደ። ቪዲዮውን ስንቴ እንዳየሁት አልነግርህም። አፍሌክ ሌላ ምን ማድረግ ነበረበት?

ሽማግሌውም የፈለጉት አንድ ሰው «ልክ ነበሩ» እንዲላቸው ነበር።

የኔን ልንገርህ። ለቤት ቅድመ ክፍያ ሦስት ዓመት ቆጥቤ ነበር፣ ጥቂት ነው የቀረኝ። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ከሥራ ስመለስ አረንጓዴ በርቶልኝ መስቀለኛው ውስጥ ስገባ፣ አንዱ ቀይ ጥሶ በጎን ገባብኝ። ወገቤን ተጎዳሁ። አምስት ወር ሥራ ፈታሁ። ያጠራቀምኩት በሕክምናና በቤት ኪራይ አለቀ። ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ይዤ ይህንኑ አወራ ነበር፣ በኋላ ሰው ሲያየኝ መንገድ መቀየር ጀመረ። ለአንተ ደውዬ ደግሞ እሱኑ ላላዝን? አፈርኩ። በዚያው ዝም አልኩ።

እናንተ ቤት በረንዳ ላይ ካርታ ስንጫወት ትዝ ይልሃል? ተበልቼ ስነጫነጭ እስክጨርስ ትሰማኝና እንደገና ትበውዝ ነበር። አንድም ቀን «በቃህ» አላልከኝም።

አሁን ደህና ነኝ፣ ወገቤም ተሽሎታል። ሰኞና ማክሰኞ እረፍት ነኝ። እዚያ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን ደውልልኝ፣ እዚህ ጠዋት አራት ሰዓት ነው። መጀመሪያ የእማማን ጤና ትነግረኛለህ፣ የልጆቹንም። ከዚያ እኔ አንዴ ብቻ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ላውራህ። መብራቱ አረንጓዴ ነበር፣ ወንድሜ።