ስለ ማታው ወተት መቅረትና ስለ ጠዋቱ ወተት መቅጠን ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ሱሉልታ፣ ሰኔ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

በአዲሱ ገበያ፣ በሰሜን ማዘጋጃ፣ በፒያሳና በ4 ኪሎ ለምትገኙ ውድ ደንበኞቻችን፤

ሰላምታችን ባላችሁበት ይድረሳችሁ። እንደምታውቁት ከግንቦት 1 ጀምሮ የማታውን ወተት ማምጣት አቁመናል። ይህን በ3 ቀን ማስታወቂያ፣ ያውም ወተት በሚያድለው ልጅ አፍ ብቻ ማስነገራችን ልክ አልነበረም፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔው ግን ትክክል ነበር ብለን ዛሬም እናምናለን። ምክንያቱን በዝርዝር የምንጽፈውም ከእናንተ የምንደብቀው ነገር ስለሌለን ነው።

ከዚያ ወዲህ የደረሰን ቅሬታ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው «ልጆቻችን ማታ የሚጠጡትን ከለከላችሁን» የሚል ነው፤ ተገቢ ቅሬታ ነው። ሁለተኛው ግን አሳዝኖናል፤ «ወተቱ ቀጥኗል፣ ውሃ መጨመር ጀመራችሁ» የሚል ነው። አንዳንዶቻችሁ የፈላውን ወተት ፎቶ አንስታችሁ ልካችሁልናል። ድሮ በማንኪያ ሲነሣ እንደ ጨርቅ ይታጠፍ የነበረው ስልባቦት ስስ ሆኖ አይተነዋል። ያያችሁት እውነት ነው፣ ወተቱ ቀጥኗል። ውሃ ግን አንዲት ጠብታ አልገባበትም።

ላም ወተቷን በጡቷ የምታጠራቅመው ሌት ተቀን ነው። በሁለት አለባ መካከል ያለው ሰዓት ሲረዝም ወተቱ ይበዛል፤ ቅባቱ ግን በዚያው ልክ አይበዛም። እኛ ላሞቹን ስናልብ የኖርነው ንጋት 11 ሰዓትና ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ድረስ 14 ሰዓት አለ፤ ከንጋቱ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ግን 10 ብቻ ነው። ስለዚህ የጠዋቱ ወተት ሁልጊዜም ብዙና ስስ፣ የማታው ጥቂትና ወፍራም ነበር። አሁን ከሚታለቡት 14 ላሞቻችን በቀን ከምናገኘው 170 ሊትር ገደማ 100ው የጠዋት፣ 70ው የማታ ነው። ሁለቱንም ትወስዱ የነበራችሁ ቤቶች ልዩነቱን ልብ ሳትሉት ኖራችኋል፣ ምክንያቱም የጠዋቱና የማታው በየቤታችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይገናኝ ነበር። የማታው ሲቀር የጠዋቱ ብቻውን ታየ።

ታዲያ ወፍራሙን ለምን አስቀራችሁ ትሉን ይሆናል። ሰዓቱን አብራችሁን ቁጠሩ። በ9 ሰዓት የተጀመረው አለባ 10 ሰዓት ላይ ያልቃል። ወተቱ ተጣርቶ ተጭኖ ስንነሣ 10 ሰዓት ተኩል ነው። ከእንጦጦ ቁልቁል ወርደን አዲሱ ገበያ ስንገባ ሰው ሁሉ ከሥራ የሚወጣበት ሰዓት ይደርሳል፤ የመጨረሻውን በር የምናንኳኳው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነበር። አንዳንዱ ወተት ከጡት ከወጣ 5 ሰዓት ሞልቶታል ማለት ነው። ወተት ሲታለብ ሙቀቱ እንደ ላሟ ገላ ነው፣ 38 ዲግሪ አካባቢ። ለጥቂት ሰዓት ራሱን ከባክቴሪያ የሚጠብቅበት የተፈጥሮ ኃይል አለው። ያ ኃይል ሲያልቅና ወተቱ እንደሞቀ ከቆየ ባክቴሪያው በየ20 እስከ 30 ደቂቃው እጥፍ እየሆነ ይሄዳል፣ ወተቱ ይኮመጥጣል፣ እሳት ላይ ሲወጣም ይቆራረጣል።

በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት «ወተታችሁ ተቆራረጠብን» ብላችሁ የደወላችሁልን ጊዜ ሁሉ ወተቱ የማታው ነበር። ገንዘባችሁን መልሰናል፤ ነገር ግን ለሕፃን የታሰበ ወተት ድስት ውስጥ ሲበላሽ ገንዘብ መመለስ መፍትሔ እንዳልሆነ እኛም እናውቃለን። ከመጫናችን በፊት 2 ሚሊ ሊትር ወተት ከ2 ሚሊ ሊትር 70 በመቶ አልኮል ጋር በብርጭቆ ቱቦ ውስጥ አገላብጠን እናያለን። ወተቱ ደህና ከሆነ በብርጭቆው ግድግዳ ላይ ለስላሳ ሆኖ ይወርዳል፤ ከተበላሸ ትናንሽ ቅንጣት ይለጠፋል፣ እንደዚያ ያለ ወተት እሳት አይችልም። በረት ላይ አልፎ የወጣው የማታ ወተት መንገድ ላይ ቆይቶ በመጨረሻው በር ሲፈተን ቅንጣቱ ታየ። ይህን በዓይናችን ካየን በኋላ እያወቅን ልንሸጥላችሁ አልቻልንም። የጠዋቱ በተቃራኒው በሱሉልታ ብርድ ታልቦ 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ይነሣል፤ 2 ሰዓት ሳይሞላ ሁላችሁም ቤት ይደርሳል።

የማታውን አቀዝቅዛችሁ ከጠዋቱ ጋር ብትደባልቁትስ ያላችሁንም አለን። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ወተቱንም ያወፍረው ነበር። ነገር ግን ሌሊቱን በደህና ለማሳደር ወተቱ ቶሎ ወደ 4 ዲግሪ መውረድና እዚያው መቆየት አለበት። ዕቃውን በቀዝቃዛ ጉድጓድ ውሃ ውስጥ ማቆም ይረዳል እንጂ እዚያ አያደርሰውም። ማቀዝቀዣ ታንክ፣ መብራት ሲጠፋም የሚያነሣው ጄኔሬተር ያስፈልገናል፤ ብሩ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ በገበያ ዋጋ ሲመራ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ሁሉ ከአቅማችን ርቋል። በደንብ ያልቀዘቀዘ የትናንት ወተት ከዛሬው ጋር ሲቀላቀል ደግሞ የተበላሸው ደህናውን ይዞት ይሄዳል፤ 170 ሊትሩም አብሮ ይበላሻል። ስለዚህ ማቀዝቀዣው እስኪኖረን ድረስ አንደባልቅም።

«ወፍራሙን ለቅቤ አስቀራችሁ» የሚለውንም ሰምተናል። እውነቱ ይህ ነው። ከ70ው ሊትር ወደ 20 ሊትር የሚጠጋው ለ5 ጥጆች ነው፤ አንዲት ጥጃ በቀን 4 ሊትር ያህል ትጠጣለች፣ እስከ 3 ወር። ቀሪው 50 ሊትር እርጎ ሆኖ ይናጣል። ከእኛ ላሞች ወተት 1 ኪሎ ቅቤ ለማውጣት 20 ሊትር ገደማ ይፈጃል፣ ስለዚህ የሚገኘው ከ2 ኪሎ ተኩል አይበልጥም፤ ከአሬራው አይብ ይወጣል። ለመናጡ ሥራ፣ ለእንጨቱና ለጊዜው ከፍለን ስናሰላው 50 ሊትሩን ለእናንተ ብንሸጠው ይሻለን ነበር። የማታው መቅረት ለእኛም ኪሳራ መሆኑን እንድታውቁልን እንፈልጋለን።

ከእኛ ጋር ከ20 ዓመት በላይ የቆያችሁ እናቶች «የአባታችሁ ወተት እንዲህ አልነበረም» ብላችሁናል። ልክ ናችሁ፤ ምክንያቱም ላሟም ያቺ ላም አይደለችም። በአያታችን ጊዜ በረቱ ውስጥ የነበሩት የሐበሻ ላሞች ነበሩ። አንዷ በቀን 2 ሊትር ብትሰጥ ነው፣ ግን ቅባቱ ከ5 በመቶ በላይ ነበር። አባታችን በሰው ሠራሽ ዘዴ ፍሪዥያን ከሚባለው ወተት ከሚያበዛ የውጭ ዝርያ ጋር አዳቀሏቸው፤ ግማሽ ደም ያላቸው ላሞች ወተቱን አበዙት፣ ቅባቱም ብዙ አልወረደም። እኛ ደግሞ ገበያው ሊትር ሲጠይቀን የፍሪዥያኑን ደም ወደ ሦስት አራተኛ ከፍ አደረግነው። ወተቱ በዛ፤ የፍሪዥያን ወተት ግን ቅባቱ ከ3 ተኩል እስከ 4 በመቶ ነው። ይህ ከሦስት ትውልድ ምርጫ የመጣ ነው እንጂ ከቧንቧ የመጣ አይደለም።

አሁን መዝገቡን የያዘችው ልጃችን ናት። የየላሟን የጆሮ ቁጥር፣ የጠዋትና የማታ ሊትሯን፣ የተዳቀለችበትን ቀንና የኮርማውን ዝርያ ትጽፋለች። ቅባቱን ለመመለስ ከዚህ ዓመት ጀምሮ አንዳንዶቹን ላሞች ጀርሲ በሚባል ሌላ የውጭ ዝርያ እያስዳቀልን ነው፤ የጀርሲ ወተት ቅባቱ 5 በመቶ አካባቢ ነው። ግን ላም ለ9 ወር ከ10 ቀን ትፀንሳለች። የተወለደችው ጥጃም ጊደር ሆና ለመጀመሪያ ጊዜ ለመውለድ በደህና አያያዝ 28 ወር ያህል ይፈጅባታል። ዛሬ የተዳቀለው ወተት ሆኖ ብርጭቆአችሁ ውስጥ የሚገባው ከ3 ዓመት በኋላ ነው። እንግዲህ እስከዚያ አብራችሁን እንድትቆዩ ነው ልመናችን።

ወተቱን ራሳችሁ መፈተን ለምትፈልጉ ወተት የሚያድለው ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ላክቶሜትር (ወተቱ ላይ ተንሳፎ ውሃ እንደገባበት የሚጠቁም መለኪያ) ይዞ ይመጣል። የደህና ወተት ንባብ ከ28 እስከ 32 ነው። አንድ አሥረኛ ያህል ውሃ ከገባበት ንባቡ በ3 ገደማ ይወርዳል። አሁን የታለበ ወተት አየር ስላለበት ዝቅ ብሎ ያሳያል፤ ስለዚህ 3 ሰዓት ያህል አቆዩት፣ አረፋውን አንሡ፣ ሙቀቱንም ለኩ። መሣሪያው የተሠራው ለ20 ዲግሪ ከሆነ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.2 ጨምሩ። አንድ ነገር ግን እንንገራችሁ፤ ላክቶሜትር ቅባቱ የተገፈፈ ወተትን አያጋልጥም፣ እንዲያውም ንባቡ ከፍ ይላል። ለዚያ ረጅም ብርጭቆ ሞልታችሁ ሳይፈላ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለ24 ሰዓት አቁሙት፤ ከላይ የሚንሳፈፈው ንጣፍ የቅባቱን መጠን ያሳያችኋል። ፈትናችሁ ስትጨርሱ ታዲያ አፍሉት፤ ጥሬውን አትጠጡ። በስልክ የሚዞረው በዘንባላ ሳህን ላይ ጠብታ የማንሸራተት ዘዴ ግን ስስ የሆነውን ሁሉ ውሃ አለበት ይላል፤ በእሱ ፈርዳችሁ ስማችንን አታንሡብን።

ስለ ዋጋ ብዙ አንልም። የማታው ጉዞ የሚፈጀው ነዳጅ ከጠዋቱ እኩል ነው፣ የሚጭነው ወተት ግን ከጠዋቱ ያነሰ ነበር። ልዩነቱን በሊትሩ ላይ ልንጭነው እንችል ነበር፤ አልጫንነውም። ላም ከምትሰጠው ለየ2 ሊትሩ 1 ኪሎ ያህል የፉርሽካና የፋጉሎ (ዘይቱ ተጨምቆ የሚተርፈው መኖ) ድብልቅ ትፈልጋለች። የሱሉልታ ሜዳ በቤትና በመጋዘን እየተበላ ስለሄደ በጥቅምትና በኅዳር የሚታጨደው ድርቆሽ ሰኔ ላይ ሲደርስ ዋጋው የሚቀመስ አልሆነም። ርካሽ ፋጉሎ አለ፣ እናውቃለን። እርጥበት ገብቶት የሻገተ የኑግ ፋጉሎ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይይዛል፤ መርዙ ከላሟ ወደ ወተቱ ያልፋል፣ ወተቱን ማፍላትም አያጠፋውም። ስለዚህ ጆንያው ሲፈታ ጠረኑ ካላማረን እንመልሰዋለን፤ ደረቁን በውድ እንገዛለን።

በሁዳዴ ለ55 ቀን ብዙዎቻችሁ ወተት ታቆማላችሁ። ጾም ነውና አንወቅሳችሁም፤ ላም ግን ጾም የላትም፣ ያው ትበላለች፣ ያው ትታለባለች። በእነዚያ ሳምንታት ለልጆቻችሁ ሳታቋርጡ የወሰዳችሁ፣ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም፣ በረታችንን ያቆማችሁት እናንተ ናችሁ። ይህን አንረሳውም።

አሁን የምናደርገውን እንንገራችሁ። የማታ ጉዞ ስለሌለ ላሞቹን በ9 ሰዓት ለማለብ የሚያስገድደን ነገር የለም። ከሰኔ 5 ጀምሮ የከሰዓቱን አለባ በየ4 ቀኑ 15 ደቂቃ እየገፋነው ነው። ላም የለመደችው ሰዓት በአንዴ ከተቀየረባት ወተቷን ትይዛለች፣ ጡቷም ይወጠራል፤ በቀስታ የምንሄደው ለዚህ ነው። ሐምሌ 3 ላይ 11 ሰዓት እንደርሳለን፤ ያኔ በሁለቱ አለባ መካከል 12፣ 12 ሰዓት ይሆናል፣ የጠዋቱና የማታው ቅባትም ይቀራረባል። በሐምሌና በነሐሴ ለጋ እርጥብ ሣር ቅባት ስለሚያወርድ ላሞቹ ወደ ሣሩ ከመውጣታቸው በፊት ለእያንዳንዳቸው 3 ኪሎ ድርቆሽ እናስቀድማለን። እንደዚያም ሆኖ በክረምት ትንሽ ሊቀጥን ይችላል፤ ከወዲሁ እወቁልን።

ማታ ለልጅ የግድ የሚያስፈልጋችሁ ቤቶች ከጠዋቱ አንድ ሊትር ጨምራችሁ አስመዝግቡ። እንደደረሳችሁ አፍሉት፣ ገንፍሎ ሲነሣ ወዲያው አታውርዱት፣ እሳቱን ቀንሳችሁ ለጥቂት ደቂቃ እያማሰላችሁ አቆዩት። ከዚያ ድስቱን በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስቀምጣችሁ አብርዱና ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገቡት። በዚህ አያያዝ እስከ ማታ፣ እስከ ነገም ጠዋት ደህና ይቆያል። መብራት ከጠፋባችሁ ለልጁ ከመስጠታችሁ በፊት ቀምሳችሁ እንደገና አፍሉት።

ስማችሁን ከመዝገቡ ለማሰረዝ ያሰባችሁ ሐምሌ 5 ጾመ ሐዋርያት እስኪፈታ ብቻ ታገሡን። በዚያ ሳምንት የሚመጣላችሁን ወተት አፍሉና ስልባቦቱን እዩት፤ ከዚያ በኋላ የምትወስኑትን እንቀበላለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የሱሉልታው የወተት በረት ቤተሰብ