መስመራችንን ማን እየቆረጠው ነው?

ይድረስ ለምወድህ ወዳጄ፣

አንተ የጠፋህ ሰው፣ ለመሆኑ እንዴት ነህ? የፍራንክፈርት ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬ ባስታወሰችህ ቁጥር «ያ ልጅ እስካሁን አላገባም?» ትላለች።

ዝም ያልኩት አኩርፌ እንዳይመስልህ። ባለፈው የተደዋወልን ጊዜ «ሄሎ? ይሰማል?» እንደተባባልን ነው ያለቀው። ከዚያ ወዲህ መደወሉ አስጠላኝ። በመጨረሻ ግን እልህ ያዘኝና ነገሩን መፈተሽ ጀመርኩ።

የሚገርምህ ፍጥነቱ ምንም አይወጣለትም። ስፒድ ቴስት ሳደርግ ቁጥሩ ያምራል፣ ቪዲዮም ሳይቆም ይሄዳል። የሚበጣጠሰው ጥሪ ብቻ ነው። ነገሩ የፓኬት መጥፋት ነው። የምንልከው ሁሉ በትንንሽ ፓኬት ተከፋፍሎ ይጓዛል። ፋይል ስታወርድ አንዱ ቢጠፋ ድጋሚ ይላካል፤ አንተ አታውቀውም። ጥሪ ላይ ግን ዘግይቶ የመጣ ድምፅ ምን ይረባል? ዝም ብሎ ይታለፋል። አንዱ ፓኬት ብዙ ጊዜ 20 ሚሊሰከንድ ድምፅ ነው የሚይዘው፤ ለብቻው ቢጠፋ ጆሮህም አያውቀው። ተከታትለው ሲጠፉ ነው ቃሉ የሚበላው።

መፈተሻዋ ፒንግ ናት። ፓኬት ልካ መልሱ መመለሱን የምታይ፣ በ1983 እ.ኤ.አ. የተጻፈች ሚጢጢ ፕሮግራም ናት፤ እስካሁን በየኮምፒውተሩ አለች። ዊንዶውስ ላይ 4 ፓኬት ልካ ታቆማለች። 4 ምን ይነግርሃል? ቢያንስ ጥቂት መቶ ይሁን፤ ሰው ሁሉ ኢንተርኔት ላይ በሚሆንበት ማታም ድገመው።

ዋናው ዘዴ ግን መንገዱን ለሁለት መክፈል ነው። መጀመሪያ የራስህን ራውተር፣ ማለትም ዋይፋይ የሚሰጥህን ሳጥን፣ ፒንግ አድርግ፤ አድራሻው በብዙ ቤት 192.168.1.1 ነው። ቀጥሎ የውጭውን፣ ለምሳሌ የጉግልን 8.8.8.8። ራውተሩ ጋ ምንም ሳይጠፋ ውጭ ከጠፋ፣ ነገሩ የመስመሩ ነው፤ ውጤቱን ይዘህ ለአገልግሎት ሰጪህ ደውል። ገና ራውተሩ ጋ ከጠፋ ግን ማንንም አትሳደብ፤ ጉዱ ቤት ውስጥ ነው።

የእኛው እንደዚያ ሆኖ ተገኘ። መልስ፣ መልስ፣ መልስ፣ ከዚያ «ጊዜው አለፈ» የሚል መስመር ይደረደራል። ላፕቶፑን በኬብል ስሰካው አንድም አልጠፋም። ራውተሩ የት እንደነበር ታውቃለህ? ከፍሪጁ ኋላ፣ እማዬ የሠራችውን ዳንቴል ለብሶ! ዳንቴሉስ ጥፋት የለበትም፤ ያ ሁሉ የፍሪጅ ብረት ነው ዋይፋዩን የጋረደው። አውጥቼ ቡፌው ላይ ሰቀልኩት። እማዬ ዳንቴሉን መልሳ አልብሳዋለች፤ ተስማምተናል።

ፓኬቱ መንገድ ላይ የሚያልፍባቸውን ራውተሮች በየተራ የምታሳየዋን ትሬስራውት ከሞከርክ ደግሞ አትደንግጥ። መሀል ላይ ያለ አንድ ራውተር ብዙ ፓኬት የጣለ ሊመስልህ ይችላል። መድረሻው ድረስ ካልቀጠለ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ያ ራውተር የሌላውን እያሳለፈ ላንተ መልስ መስጠቱን ችላ ብሎ ነው።

አሁን የቀረው ያንተ ወገን ነው። ስትፈትሽ ስልክህ ፎቶ ወደ ክላውድ እየጫነ እንዳይሆን፤ እሱም መስመሩን ያጨናንቀዋል። እሁድ ማታ በእኛ 2 ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ላፕቶፕህን በኬብል ሰክተህ ጠብቀኝ። ስለ አዲሱ ሥራህ አንድም ሳታስቀር ትነግረኛለህ፤ አለቃህ ያው ነጭናጫው ነው ወይስ ተቀየረ?

ያንተው