የፎቶ ክበብ፦ ግማሽ ሚሊ ሜትር ፍለጋ

ክበባችን ዘንድሮ 19 አባላት ነበሩት። ካሜራው ግን አንድ ነው፤ ያው በወላጆች ቀን ሁላችሁም የምትሻሙበት። ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ቤተ ሙከራው ውስጥ ተሰብስበናል፣ ቃለ ጉባኤም ተይዟል። እሱን ልለፈው።

አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ "አበባ ማንሳት ደግሞ ምን ትምህርት አለው?" የሚሉኝ አልጠፉም። ይኸው ትምህርቱ። ካሜራው በተጠጋ ቁጥር ጠርቶ የሚወጣው ክፍል እየሳሳ ይሄዳል። ዴፕዝ ኦፍ ፊልድ የሚባለው እሱ ነው። ሰው ራቅ ብላችሁ ስታነሱ ፊቱም ከኋላው ያለው አጥርም ሊጠራ ይችላል። የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ ስፋት በኤፍ ቁጥር ይነገራል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠብባል። ንብ ግን ሴንሰሩ (ካሜራው ውስጥ ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ላይ በእውነተኛ መጠኗ እስክታርፍ ከተጠጋችኋት፣ ኤፍ 8 ላይ የሚጠራው ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም። ኤፍ 16 ላይ 1 ሚሊ ሜትር ከምናምን ቢሆን ነው። ከዚያ በላይ ቀዳዳውን ካጠበባችሁት ብርሃኑ ያንሳል፤ በጠባብ ቀዳዳ የሚያልፍ ብርሃንም ስለሚበተን ፎቶው በሙሉ ፈዘዝ ይላል። ፊዚክስ ነው እንግዲህ።

ትንንሽ ነገርን ከቅርብ የሚያነሳ ማክሮ ሌንስ የለንም። በመዋጮ ሌንሱንና ካሜራውን የሚያራርቅ ባዶ ቱቦ ገዛን። ርካሹን ስለገዛን ከሌንሱ ጋር የሚያገናኝ ሽቦ የለውም፤ ቀዳዳውን ከካሜራው ማዘዝ አልተቻለም። ቀዳዳው እንደተከፈተ ስለሚቀር፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ያነሳነው ሁሉ ድብዝዝ ነበር። በኋላ መላ ተገኘ፦ ሌንሱ ያለ ቱቦው ካሜራው ላይ እያለ ቀዳዳውን መጀመሪያ አጥብቦ፣ የሚጠራውን ክፍል ቀድሞ የሚያሳየውን ቁልፍ እንደተጫኑ ሌንሱን ነቅሎ ቱቦው ላይ መግጠም። ችግሩ፣ ከዚያ በኋላ በመመልከቻው የሚታየው ጨለማ ነው።

ጥቅምት መግቢያ ላይ፣ አደይ አበባ ሳያልቅ፣ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ሄድን። ማለዳ ስለነበር ንቦቹ ብርድ ይዟቸው ቀስ ይሉ ነበር። በክፍል ውስጥ ድምጿ የማይሰማ አንዲት ልጃችን ሣሩ ላይ በሆዷ ተኛች። ጤዛው ሹራቧን አራሰው። ፎከሱን መንካት ትታ፣ ራሷን በጣት ያህል ወደፊትና ወደኋላ ታወዛውዛለች። 40 ያህል አነሳች። አንዱ ላይ ክንፉ ጠርቶ ዓይኑ ጠፍቷል፣ ሌላው ላይ አበባው ብቻ። "ንቧ ተንቀሳቀሰችብሽ?" አልኳት።

"አይ ቲቸር፣ ንቧ አልተነቃነቀችም። እኔ ነኝ የተነፈስኩት።"

ቀጥሎ ትንፋሿን ይዛ አነሳች። ዓይኑ ላይ ያለው ፀጉር አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ እግሯ ላይ ያለው ጽጌ ብናኝ ግን ቢጫ ጭጋግ ሆኗል። እኔ በ12 ዓመት ማስተማር እንዲህ አጥርቼ ያስረዳሁት ነገር ትዝ አይለኝም።

ሁለተኛው ሽርሽር ቀረ፤ አውቶቡሱ ለኳስ ቡድኑ ተሰጠ። አዲስ ማሊያም ገዝተዋል፣ እንኳን ደስ አላቸው። እኛ የምንፈልገው አንድ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) እና ሽቦ ያለው ቱቦ ነው። ዋጋቸውን ጠይቄ በወረቀት ይዣለሁ፤ ረቡዕ ቤተ ሙከራው ብቅ በሉ።