አባባ፣ ድቡን የምገድለው እኔ አይደለሁም

ታንደር ቤይ፣ ኦንታሪዮ፣ ካናዳ
መጋቢት 12

ይድረስ ለምወድዎትና ለምናፍቅዎት አባቴ፣

አባባ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? እማማስ? ጾሙን እንዴት ይዛችሁታል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። ከእናንተ ናፍቆት በቀር የጎደለኝ የለም። እዚህ በረዶው ገና መሬቱን አልለቀቀም። ሐይቁም እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ተኝቷል።

እህቴ፣ ይህን ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። እማማም ቁጭ ብለው ይስሙ። ከፊሉ ለእሳቸው ነው።

ባለፈው ስንደዋወል መስመሩ እየተቆራረጠ አስቸገረን። የነገርኳችሁ ግማሹ ብቻ ደርሶ፣ እርስዎ «ልጄ ድብ ሊገድል ነው» ብለው ለሰፈሩ ነገሩ አሉ። ቆዳውንም መደብዎ ላይ ሊያነጥፉት ተመኝተዋል። እማማ ደግሞ እንቅልፍ አጥተዋል። ስለዚህ ነገሩን ከመጀመሪያው ልጻፈው።

የሥራ ባልደረባዬን ታውቁታላችሁ። እንጨት መሰንጠቂያው ውስጥ አምስት ዓመት ጎን ለጎን ቆመን ሠርተናል። እጄን የቆረጠኝ ጊዜ በፎጣ ጠቅልሎ ሆስፒታል ያደረሰኝ እሱ ነው። ቅድመ አያቶቹ ከፊንላንድ የመጡ ናቸው፤ እዚህ ከተማ የእነሱ ዘር ብዙ ነው። በረዶው ሲቀልጥ በየዓመቱ ድብ ያድናል። ለፉከራ አይደለም፤ ሥጋውን ቤተሰቡ ይበላዋል። ሚስቱ ቋሊማ ትሠራበታለች፣ ጮማውንም አንጥራ ለመጋገሪያ ታስቀምጠዋለች። አብሮት ይሄድ የነበረው ወንድሙ ዘንድሮ ወገቡን ታመመ። «ብቻዬን ጫካ አልገባም፣ አንተ ና» አለኝ። እሺ አልኩት። እንዴት እምቢ እለዋለሁ?

ግን ቃታውን የምስበው እኔ አይደለሁም፣ አባባ። ይህን አስቀድሜ ልንገርዎት። ድብ ሰኮናው ያልተሰነጠቀ፣ የማያመሰኳ አውሬ ነው። ለእኛ አይበላም። ነፍስ አባቴንም በስልክ ጠይቄያለሁ። «የማትበላውን ለምን ትገድላለህ?» አሉኝ። እኔም ልቤ ውስጥ የነበረው ይኸው ነበር። እርስዎም ከርከሮውን የሚተኩሱበት በቆሎውን ሲያጠፋ ነበር እንጂ ለጨዋታ አልነበረም። የምሄደው ጓደኛዬን ላግዝ ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ ወደ በኋላ እነግርዎታለሁ።

ባልተኩስም ፈቃድ ማውጣት ነበረብኝ። እዚህ አገር ማድባትም፣ ዱካ መከተልም፣ አውሬ መፈለግም በሕግ አደን ነው። መግደል ብቻ አይደለም። ስለዚህ የአዳኝነት ኮርስ ወሰድኩ። ከዚያ የጦር መሣሪያ ደህንነት ኮርስ። ከዚያ ፖሊስ የኋላ ታሪኬን አጣራ። የመሣሪያ ፈቃድ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠይቅ ሰው ቢያንስ 28 ቀን መጠበቅ አለበት፤ እኔ ከዚያም በላይ ጠበቅኩ። ወቅቱ ሲያልቅ ባልገድልም ሪፖርት ማድረግ ግዴታዬ ነው። ስንት ድብ እንደተገደለ፣ ስንት ሰው ባዶ እጁን እንደተመለሰ ይቆጥራሉ። ይህን ሳይ በጣም ተገረምኩ። ጫካውን እንደ ጎተራ ነው የሚይዙት፤ የገባውም የወጣውም ይጻፋል።

ከሌላ አገር የሚመጣ አዳኝ ፈቃድ ባለው ድርጅት በኩል ነው የሚገባው። እኛ ግን ነዋሪ ስለሆንን ያለ መሪ መሄድ እንችላለን። ሎጅ የሚሉት የጫካ ማረፊያ የሚያከራየን ጎጆና ጀልባ ብቻ ነው። ምግባችንን እኛው እናበስላለን። ድቡንም ራሳችን ፈልገን ማግኘት አለብን። እማማን ያስፈራቸው «ያለ መሪ» የሚለው ቃል እንደሆነ ገብቶኛል። እንግዲህ ዕቅዳችንን ልዘርዝርላቸው።

ከዚህ ወደ ሰሜን 250 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ነድተን አርምስትሮንግ የምትባል ትንሽ ከተማ እንደርሳለን። ከዚያ ወዲያ መንገድ የለም። ውሃ ላይ የሚያርፍ ትንሽ አውሮፕላን ሎጁ ወዳለበት ሐይቅ ይወስደናል። ቢቨር ይሉታል። እዚሁ ካናዳ የተሠራ ነው፤ መጀመሪያ የበረረው በ1947 እንደ ፈረንጆች ነው፣ አሁንም ይሠራል። ውሃ ላይ የሚያርፍ ስለሆነ በረዶው ከሐይቁ ላይ ካልለቀቀ መሄድ አይቻልም። የአደኑ ወቅት በሜይ 1 ተከፍቶ ጁን 15 ይዘጋል። እኛ የመረጥነው በእኛ አቆጣጠር ከግንቦት 17 እስከ 23 ነው። ያኔ ሐይቁ ይከፈታል። ወንዶቹ ድቦችም እንስት ፍለጋ በቀን መዘዋወር የሚጀምሩት በዚያ ሰሞን ነው። ለእኔ ደግሞ በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ጾም የለብኝም።

ያስጨነቀን ጭነቱ ነው። አብራሪው እያንዳንዱን ዕቃ ሚዛን ላይ ያስቀምጣል። ስንሄድ ቀለል ብለን ካልሄድን ስንመለስ ሥጋውን ምን ላይ እንጭነዋለን? ስለዚህ ሦስት ምሽት ተቀምጠን ዝርዝር ሠራን፣ ሰረዝን፣ እንደገና ጻፍን። ድቡን ለማባበል አጃና ሞላሰስ ማስቀመጥ ይፈቀዳል። ነገር ግን ማባበያው ከመኖሪያ ቤት 500 ሜትር፣ ከመኪና መንገድ 200 ሜትር መራቅ አለበት። ደግሞም ድቡ ሽታውን አግኝቶ እስኪለምደው ቀናት ይፈጃል። እኛ ያለን ስድስት ቀን ነው። ጓደኛዬ አራት ጆንያ አጃ እንያዝ አለ። እኔ አይሆንም አልኩ። በመጨረሻ ሁለት ተስማማን። ከሐይቁ ማዶ አንድ ቦታ ብቻ እናስቀምጣለን። እዚያ ካልመጣ በጀልባ ቀስ ብለን የሐይቁን ዳር እየተመለከትን እንፈልገዋለን። ፀሐይ የሚያገኘው ዳገት ላይ ሣሩ ቀድሞ ይበቅላል። ድቡ ከጎሬው ሲወጣ መጀመሪያ የሚበላው ለጋ ሣርና የዛፍ እንቡጥ ነው። ወደ ስድስት ወር ምንም ሳይቀምስ ተኝቶ ነው የሚነሳው፣ አባባ። ይህን ሲነግሩኝ አላመንኩም ነበር።

ማባበያው ፊት ለፊት የምንቀመጠው የት መሰለዎት? ማማ ላይ! እነሱ የሚያጥፉትና የሚሸከሙት የብረት መቀመጫ አላቸው፣ ዛፍ ላይ ይታሰራል። ባየሁት ጊዜ ዓይኔ እንባ አቀረረ። እርስዎና እኔ በቆሎው መሐል ማማ ላይ ያደርንበት ሌሊት ፊቴ ላይ መጣ። ጃርቱ ሲመጣ እንዳልናገር እጄን ጨበጥ የሚያደርጉኝ። አፈር ቆንጥረው ብን አድርገው ነፋሱ ወዴት እንደሚሄድ የሚያዩት። ያንን ለጓደኛዬ አሳየሁት። እሱ ለዚሁ ብሎ ዱቄት በጠርሙስ ገዝቷል። ከዚያ በኋላ «አባትህ የት ተማሩት?» እያለ ደጋግሞ ጠየቀኝ። የድብ አፍንጫ ከውሻ ይበልጣል ይላሉ። ነፋሱ ከእኛ ወደ እሱ ከሄደ አለቀ፣ አይመጣም።

አንድ ልዩነት አለ። እኛ ማማ ላይ ያለ ገመድ ነበር የምንወጣው። እዚህ ትከሻና ጭንን የሚይዝ ቀበቶ ከዛፉ ጋር ይታሰራል። አዳኙን ከድቡ ይልቅ የሚጎዳው ከዛፍ መውደቅ ነው። እማማ፣ ቀበቶዬን እንደማስር ቃል እገባለሁ።

አሁን ሌላውን ምክንያቴን ልንገርዎት። ባለፈው ነሐሴ ከከተማው ወጣ ብዬ ብሉቤሪ እለቅም ነበር። በዚያ ወቅት ዱሩን የሚሞላ ትንሽ ሰማያዊ ፍሬ ነው። ጎንበስ ብዬ ሳለ ከፊቴ ትንፋሽ ሰማሁ፣ ኃይለኛ፣ እንደ ወናፍ። ቀና ስል ጥቁር ድብ። ጥርሷን ታንኳኳለች፣ መሬቱን በመዳፏ ትመታለች። ከበላይዋ ዛፍ ላይ ሁለት ግልገሎች ተጣብቀው ያዩኛል። ለራሷ አይደለም የፈራችው። አልሮጥኩም። ፊቴን ሳላዞር፣ በለሆሳስ እያወራሁ፣ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሄድኩ። የማወራው በአማርኛ ነበር። «አይዞሽ፣ አልነካቸውም» እላት ነበር። አልተከተለችኝም። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ግን እግሬ ለረጅም ጊዜ ተንቀጠቀጠ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ድብ የማላነበው ነገር የለም። ግልገሎቹ የሚወለዱት በጥር ነው፣ እናታቸው በጎሬዋ ውስጥ ተኝታ ሳለች። ሲወለዱ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞሉም። ከእናታቸው ጋር ዓመት ከመንፈቅ ያህል ይቆያሉ። በግንቦት እናቲቱ ከሞተች ግልገሎቹ ብቻቸውን አይኖሩም። በዚህ ምክንያት ነው ኦንታሪዮ በ1999 እንደ ፈረንጆች የዚህን ወቅት አደን የዘጋው። በ2014 ለሙከራ ተመለሰ፣ በ2021 ደግሞ በቋሚነት ተፈቀደ። አሁን ግልገልን፣ ግልገል ያላትንም እናት በዚህ ወቅት መግደል ወንጀል ነው። እስከ 25,000 ዶላርና እስከ አንድ ዓመት እስር ያስቀጣል።

ችግሩ ግን ሕጉን ማወቅ አይደለም። ችግሩ ማየት ነው። እናቲቱ ግልገሎቿን ዛፍ ላይ ትታ ብቻዋን ወደ ማባበያው ትመጣለች። የቸኮለ ሰው ወንድ መስሎት ይተኩሳል። ስለዚህ ከጓደኛዬ ጋር ውል አሰርን። የሩቅ ማያ መነጽሩን የምይዘው እኔ ነኝ። ድብ ሲመጣ እኔ አይቼ እጁን ሳልነካው አይተኩስም። ጆሮውን አያለሁ፤ የትልቅ ወንድ ጆሮ ለጭንቅላቱ ትንሽ መስሎ ተራርቆ ይታያል፣ የትንሹ ግን ትልቅና ቀጥ ያለ ነው። ከኋላ ያለውን ዛፍ ሁሉ አያለሁ። ጡቷን አያለሁ። ከተጠራጠርኩ እጁን አልነካውም፤ ድቡም ይሂድ። ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ «እንዲያውም ለዚህ ነው አንተን የምፈልገው» አለኝ። እኔም የምሄደው በዋናነት ለዚህ ነው።

ከተመታ በኋላ ያለው ሥራ ከባድ ነው። ግንቦት መጨረሻ ላይ ቀኑ ይሞቃል፣ ሥጋው በቶሎ ካልቀዘቀዘ ይበላሻል። ሥጋውን ጥሎ መሄድ ክልክል ነው። እኔ በግ መግፈፍ ከእርስዎ የተማርኩት ልጅ ስለሆንኩ ቢላዋው ለእኔ ተሰጥቷል። ሥጋው ውስጥ ትሪኪኔላ የሚባል ትል ሊኖር ይችላል። ማቀዝቀዣ አይገድለውም። ውስጡ እስከ 71 ዲግሪ መብሰል አለበት። የጓደኛዬ ሚስት ቴርሞሜትር ሥጋው ውስጥ ሳትሰካ አታወጣም። ቆዳውም የእነሱ ነው፣ አባባ። ለመደብዎ ሌላ ነገር እልካለሁ፤ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ አይቻለሁ።

እማማ፣ የሚከተለው ለእርስዎ ነው። እዚህ ያለው ጥቁር ድብ ነው። በምዕራብ ካናዳ ያለው ግሪዝሊ የሚባለው ኃይለኛው ድብ ኦንታሪዮ ውስጥ የለም። ጥቁሩ አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሲሰማ ይሸሻል። እርግጥ አውሬ ነው፤ አንንቀውም። ሁለታችንም ወገባችን ላይ የሚረጭ በርበሬ ይዘናል። መሬት ላይ ስንሄድ ደማቅ ብርቱካናማ ሰደርያና ቆብ እናደርጋለን። ጀልባው ሞተር ስላለው ውስጡ ጠመንጃ አይጎርስም፣ ሕግም ነው። ከሎጁ አካባቢ ስልክ አይሠራም፣ ግን በሳተላይት አጭር መልእክት የሚልክ መሣሪያ ተከራይተናል። ማታ ማታ ለጓደኛዬ ሚስት «ደህና ነን» ብለን እንልካለን። እሷ ደግሞ ለእህቴ ታስተላልፋለች፣ ተነጋግረናል። እሑድ እኔ አላድንም፤ ጎጆው ውስጥ ውዳሴ ማርያም አደርሳለሁ፣ ዓሣም አጠምዳለሁ። እውነቱን ለመናገር ከድቡ ይልቅ የሚያሰጋን በዚያ ሰሞን የሚፈላው ጥቁር ዝንብ ነው፤ ለዚያም የፊት መረብ ገዝተናል።

ሥራ ቦታ አንዲት የኦጂብዌ ሴት አለች። የዚህ ምድር የጥንት ባለቤቶች እነሱ ናቸው። ድብን «መኳ» ይሉታል። ልሄድ መሆኑን ስነግራት ዝም ብላ ቆይታ «ስታዩት አክብሩት» ብቻ አለችኝ። ቃሏ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። እዚህ አገር ስኖር ሰባት ዓመቴ ነው፣ አባባ። የማውቀው ግን ፋብሪካውን፣ ገበያውንና የአውቶቡሱን መስመር ነበር። ምድሩን አላውቀውም ነበር። እርስዎ የእኛን ሸለቆ በዱካው፣ በወፉ፣ በነፋሱ ያውቁታል። እኔም የምኖርበትን እንደዚያ ማወቅ አምሮኛል።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ማማ ላይ ረጅም ሰዓት ስንቀመጥ እግሬ ሲደነዝዝ እንዴት እንድቀመጥ ያደርጉኝ ነበር? አንዱን እግሬን አጥፈው ከሥር የሚያደርጉልኝ ነገር ነበር፤ ቅጠል ይሁን ገለባ ረሳሁት። እዚህ ከምሽቱ በፊት አራት አምስት ሰዓት ሳንንቀሳቀስ ነው የምንቀመጠው። እህቴ፣ የሚሉትን ልክ እንደነገሩሽ ጻፊልኝ።

ከግንቦት 17 እስከ 23 ስልኬ ዝግ ይሆናል፣ አትደንግጡ። ግንቦት 24 አመሻሽ ላይ ከአርምስትሮንግ እደውላለሁ። እስከዚያ በጸሎታችሁ አስቡኝ። መርቁኝ።

እጅ እየነሳሁ፣ ጉልበታችሁን እየሳምኩ፣

ልጃችሁ