ፒያኖ መማር ስለ መጀመሬ፤ ለክራር ተጫዋቿ ወዳጄ

ውድ እኅቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ልጆችሽስ፣ ወንድሞችሽስ ሁሉም ደኅና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። መጻጻፍ ካቆምን ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ይሁን እንጂ በመካከላችን ቅሬታ እንዳልነበረና ዝምታውን ያመጣው ኑሮ እንደ ሆነ ሁለታችንም ስለምናውቅ፣ ስለ እርሱ ብዙ አልጽፍም። ብዕር ያነሣሁት ከማንም በፊት አንቺ ልትሰሚው የሚገባ ነገር ስላለኝ ነው፤ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ፒያኖ እየተማርኩ ነው።

ይህን ስታነቢ እንደምትደነቂ አውቃለሁ። አንቺ በቀበሌያችን ኪነት ክራር ስትመቺ እኔ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጬ ከመስማት በቀር የሙዚቃ መሣሪያ በእጄ ነክቼ አላውቅም ነበር። ልጄ ወደ ውጭ ስትሄድ እኔ ዘንድ ያስቀመጠችው የኤሌክትሪክ ፒያኖ ጨርቅ ለብሶ ሳሎን ውስጥ ለብዙ ጊዜ ቆሞ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ጨርቁን ገለጥኩት። አሁን ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የተመረቀች አንዲት ወጣት ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየመጣች ታስተምረኛለች፤ በሌሎቹ ቀናት ማለዳ ቡና ከመፈላቱ በፊት ብቻዬን እለማመዳለሁ።

የመጀመሪያው ትምህርት ስለ ድምፅ አልነበረም፤ ስለ አቀማመጥ ነበር። ክርን ከቁልፎቹ ጋር እኩል እንዲሆን ወንበሩ ይስተካከላል፣ ትከሻ ይላላል፣ ጣቶች ትንሽ ጎበጥ ይላሉ። ጣቶቹ ደግሞ ቁጥር አላቸው፤ በሁለቱም እጆች አውራ ጣት 1፣ ትንሿ ጣት 5 ናት። ቁልፎቹ 88 ሲሆኑ 52ቱ ነጭ፣ 36ቱ ጥቁር ናቸው፤ ጥቁሮቹ ሁለት ሁለትና ሦስት ሦስት ሆነው ስለተደረደሩ፣ ዓይን ቦታውን የሚለየው በእነርሱ ነው። ከሁለቱ ጥቁሮች በስተግራ ያለው ነጭ ቁልፍ ሁልጊዜ ዶ የሚባለው ድምፅ ነው። ይህን ካወቅሽ በኋላ ያ ሁሉ ቁልፍ አያስፈራም፤ ያው ሰባት ነጭና አምስት ጥቁር እየተደጋገመ የሚሄድ ነው።

አንድ ቀን መምህሬ ወደምታስተምርበት ቤት ወስዳኝ የእውነተኛውን ፒያኖ ክዳን ከፍታ አሳየችኝ። በውስጡ ከሁለት መቶ በላይ ክሮች ተወጥረዋል፤ በወፍራሙ ድምፅ በኩል ለአንድ ቁልፍ መዳብ የተጠቀለለበት አንድ ክር ብቻ ሲኖር፣ ወደ ቀጭኑ ሲኬድ ለእያንዳንዱ ቁልፍ ሦስት ሦስት ክር አለ። ቁልፉን ስትጫኚ ባዘቶ የመሰለ ሱፍ የለበሰ መዶሻ ወደ ክሩ ይወረወራል፣ መትቶም ወዲያው ይመለሳል። አጎንብሼ በቅርብ አየሁት፤ መዶሻው ክሩን ከመንካቱ በፊት ያለችውን የመጨረሻዋን ጥቂት ርቀት የሚጓዘው ከጣትሽ ተለይቶ ነው። ከዚያ በኋላ በድምፁ ላይ ምንም ማድረግ አትችዪም፤ ቁልፉን ስትለቂ ታፍኚዋለሽ እንጂ አትለውጪውም። አንቺ በክራር ላይ ክሩን በጣትሽ ትነኪዋለሽ፣ ታፍኚዋለሽ፣ ታንቀጠቅጪዋለሽ። በፒያኖ ግን ድምፁ ለስላሳ ወይም ብርቱ እንዲሆን የምትፈልጊው ሁሉ ቁልፉ ከመውረዱ በፊት በልብሽ ውስጥ ተወስኖ ማለቅ አለበት። በ1700 ገደማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በፍሎሬንስ ባርቶሎሜዮ ክሪስቶፎሪ የተባለው ባለሙያ ይህን የመዶሻ ብልሃት ሲሠራ፣ ከእርሱ በፊት የነበረው ሐርፕሲኮርድ የሚባል ባለ ቁልፍ መሣሪያ ክሩን እየቆነጠረ ድምፅ ስለሚያወጣ፣ ቁልፉን ቀስ ብለሽም ሆነ በኃይል ብትመቺው ድምፁ ያው ነበር። በእኔ ቤት ያለው የኤሌክትሪኩ ክር የለውም፤ ቁልፉ የወረደበትን ፍጥነት ለክቶ ድምፁን ያወጣል፤ ሆኖም ለጣት የሚሰጠው ትምህርት አንድ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ሁለቱን እጆች ማስማማት ነው። ግራ እጅ ዶና ሶልን አብሮ ተጭኖ አራት ምት ሙሉ ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ ቀኝ እጅ በእያንዳንዱ ምት አንድ ድምፅ እያለ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ብሎ ይሄዳል። ሲጻፍ ይኸው ነው። ሲሠራ ግን ቀኝ እጅ ጣት ባነሣ ቁጥር ግራው አብሮ ይነሣል፤ ግራው እንዲቆይ ስጠነቀቅ ደግሞ ቀኙ ይቆማል። መምህሬ ያስተማረችኝ መንገድ እያንዳንዱን እጅ ለብቻው፣ እየተጫወቱ ማውራት እስኪቻል ድረስ ማለማመድ፣ ከዚያም ምት የሚቆጥረውን መሣሪያ፣ ሜትሮኖሙን፣ በደቂቃ 50 ምት ላይ አድርጎ ማገናኘት ነው። «እትዬ፣ ቀስ ብለው ያልቻሉትን ፈጥነው አይችሉትም» ትለኛለች። በዚህ ንግግሯ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ ጣት የሚማረው የደጋገመውን ነውና፣ በጥድፊያ የተሳሳተውን ከደጋገመ ስሕተቱን ይማራል። አንዲት አራት መስመር ዜማ ለሳምንታት ስመላለስባት ከቆየሁ በኋላ፣ አንድ ማለዳ ግራ እጄ እኔ ሳላስበው በቦታው ሲቆይልኝ የተሰማኝን ደስታ ለማንም በአፍ ለማስረዳት ሞክሬ አልሆነልኝም፤ አንቺ ግን ታውቂዋለሽ።

የቀለበት ጣትም የራሷ ችግር አለባት። እጅሽን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ የመሐል ጣትሽን ብቻ ወደ ውስጥ አጥፈሽ፣ የቀለበት ጣትሽን ለማንሣት ሞክሪ፤ ከጠረጴዛው እምብዛም አትላቀቅም። ይህ የሆነው ጣቶቹን የሚያነሡት ጅማቶች በእጅ ጀርባ ላይ እርስ በርሳቸው ስለተያያዙ ነው እንጂ ስለ ድካም አይደለም። መምህሬ ይህን ካሳየችኝ በኋላ ጣቷን ለማጠንከር መታገሌን ትቼ፣ የእጄ ክብደት ቀለል ብሎ በእርሷ ላይ እንዲያርፍ ማድረግን ጀመርኩ፤ ድምፁም ተስተካከለ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ይህን ደብዳቤ ላንቺ ያስጻፈኝ የቅኝት ነገር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መምህሬ ከሦስቱ ጥቁር ቁልፎች የመጀመሪያዋን አሳይታኝ፣ «ከዚህ ተነሥተው ጥቁሮቹን ብቻ በተራ ይንኩ» አለችኝ። አምስቱን ነካሁ። ትዝታ ነበር! ነጩን ሳልነካ፣ ምንም ሳልመርጥ፣ በሕይወቴ ሙሉ የሰማሁት ትዝታ ሜጀር ከእጄ ሥር ወጣ። በነጮቹም ላይ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብትዪ ያው ትዝታ ነው። ባቲም በነጭ ብቻ ይገኛል፤ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ። ይበልጥ ያስገረመኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ብለሽ ብትጀምሪ ትዝታ ማይነር ይሆናል፤ እነዚያኑ አምስት ድምፆች ከሚ አስነሥተሽ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ብትዪ ደግሞ አምባሰል ነው። ድምፆቹ አንድ ናቸው፤ የተለየው መነሻና ማረፊያው ብቻ ነው። ይህን ለማመን ደጋግሜ ሞከርኩት፤ ግራ እጄን ላ ላይ አሳርፌ ቀኙን ስጫወት ጆሮዬ ትዝታን ይሰማል፤ ግራውን ወደ ሚ ሳዛውረው ቀኝ እጄ ከቦታው ሳይነቃነቅ ዜማው አምባሰል ይሆናል። አንቺ ይህን ክር ስትቃኚ በጣትሽ ታውቂው ይሆናል። ለእኔ ግን በዓይን የሚታይ ሆኖ ፊቴ ተዘርግቶ ሳየው፣ ለብዙ ዘመን በስም ብቻ ለይቼ ስሰማቸው የኖርኩት ቅኝቶች ዝምድና ተገለጠልኝ። አንቺሆዬ ብቻ አንድ ጥቁር ቁልፍ ትጠይቃለች፤ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ከዚያም በሶልና በላ መካከል ያለችው ጥቁር።

ኖታ፣ ማለትም በመስመር ላይ የሚጻፈውን የዜማ ምልክት፣ ማንበቡ በዝግታ እየሄደ ነው። ለቀኝና ለግራ እጅ አምስት አምስት መስመር አለ፤ በላይኛው ሶል በሁለተኛው መስመር ላይ ሲውል፣ በታችኛው ፋ በአራተኛው መስመር ላይ ይውላል፤ ስለዚህ አንድ ዓይነት ቦታ ላይ የተቀመጠ ምልክት ላይና ታች ሁለት የተለያየ ስም አለው። በዚህ ጊዜ ሁሉ አባትሽን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አስታውሳለሁ። የቤተ ክርስቲያኑን የዜማ መጽሐፍ፣ ድጓውን፣ ዘርግተው ከቃሉ በላይ የተጻፉትን ጥቃቅን ፊደላትና ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ርክርክ የሚባሉትን ምልክቶች እያሳዩ ለተማሪዎቻቸው ሲያዜሙ፣ እኛ ከደጅ ሆነን እንሰማ ነበር። የእርሳቸው ምልክት ከመምህር አፍ የተሰማውን ዜማ ለሚያውቅ ሰው ያስታውሳል፤ ኖታው ደግሞ ዜማውን ሰምቶ ለማያውቅ ሰው የድምፁን ከፍታና ርዝመት ይነግራል። በኖታ ዜማውን ሳልሰማው ማግኘት መቻሌ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ኖታውን ብቻ ተከትዬ የተጫወትኩትን ትዝታ መምህሬ ሰምታ «ልክ ነው፣ ግን ገና አልዘፈነም» ስትለኝ፣ አባትሽ ተማሪውን ለምን ያን ያህል ዓመት ከአጠገባቸው እንደማያርቁት ገባኝ።

ከዚህ ጋር የተያያዘው ትልቁ ጥያቄዬ ይህ ነው። ፒያኖ ከዶ እስከ ዶ ያለውን ርቀት አሥራ ሁለት እኩል ቦታ ከፍሎ አስቀምጦታል፤ በሁለት ቁልፎች መካከል ምንም የለም። የእኛ ዘፋኝ ግን፣ ማሲንቆውም ሆነ ክራሩ፣ ትዝታን የሚያሳምረው በዚያ በመካከል ባለው ቦታ ነው፤ ይንሸራተታል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁን ከመያዙ በፊት ከታች ይነሣል። ታዲያ ይህን በፒያኖ እንዴት ያደርጉታል? መምህሬ መልስ ከመስጠት ይልቅ የፒያኖ ተጫዋቿን የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ቅጂ እንድሰማ አዘዘችኝ። እማሆይ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወልደው፣ በልጅነታቸው በስዊዘርላንድ ቫዮሊንና ፒያኖ ተምረው፣ በኋላም መንኩሰው በኢየሩሳሌም በኢትዮጵያ ገዳም ሲኖሩ፣ በ2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ደጋግሜ ስሰማቸው እጃቸው ሁለት ነገር እንደሚያደርግ አስተዋልኩ። ዋናውን ድምፅ ከመምታታቸው በፊት አጠገቡ ያሉትን ቁልፎች በፍጥነት ዳሰስ ያደርጋሉ፤ ጆሮም ያንን እንደ መንሸራተት ይሰማዋል። ምቱንም በእኩል አይረግጡትም፤ ሰው ሲናገር እንደሚያደርገው አንዱን ያስረዝማሉ፣ ሌላውን ያሳጥራሉ። ቁልፉ የማይሰጠውን በጊዜና በጌጥ ይሞሉታል። እኔ ያንን ለመጫወት ገና ብዙ ይቀረኛል፤ ሆኖም ምን እንደምፈልግ አሁን አውቃለሁ፤ ለጀማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ታዋቂው የፒያኖ ተጫዋች ግርማ ይፍራሸዋም ፒያኖን የጀመረው በአሥራ ስድስት ዓመቱ ያሬድ ትምህርት ቤት ገብቶ እንደ ሆነ፣ ከዚያ በፊት እጁ የለመደው ክራር እንደ ነበረ መምህሬ ነገረችኝ። ይህን ስሰማ ወዲያው ያሰብኩት አንቺን ነው። ክራር የቃኘ ጆሮ ወደ ፒያኖ ሲመጣ ባዶ እጁን አይመጣም።

መብራት ሲጠፋ፣ እንደምታውቂው አይቀርም፣ ፒያኖው ድምፅ አያወጣም። በዚያን ጊዜም ልምምዴን አላቋርጥም። ቁልፎቹ ክብደት ያላቸው ስለሆኑ ሲወርዱ የሚያሰሙት ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ምቱን ይነግረኛል፤ ዜማውን ደግሞ በአፌ አንጎራጉራለሁ። መምህሬ ይህን ሰምታ ከድምፁ ልምምድ እኩል እንደሚጠቅም ነገረችኝ፤ የምዘፍነውን ድምፅ ጣቴ ከመንካቱ በፊት በልቤ መያዝ አለብኝና።

አሁን አንድ ነገር እለምንሻለሁ። በፒያኖ የማገኘው አንቺሆዬ በወጣትነታችን ከአንቺ ክራር የሰማሁት አይመስለኝም፤ በተለይ ሦስተኛውና አራተኛው ድምፅ ከቁልፎቹ ትንሽ ዘወር ያሉ ይመስለኛል፤ ጆሮዬ ያታልለኝ እንደ ሆነም በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። ክራርሽ እጅሽ ላይ ካለ፣ በአንቺሆዬ ቃኝተሽ በመጀመሪያ እያንዳንዱን ክር ለብቻው ቀስ ብለሽ ምቺልኝ፣ ቀጥሎም ያን የምታውቂውን ዜማ አንድ ጊዜ ሙሉውን ተጫወቺው፤ በስልክሽ ቀድተሽ ላኪልኝ። ክሩ የተበጠሰ እንደ ሆነ ጻፊልኝ፤ እዚህ ገዝቼ ወደ እናንተ በሚመጣ ሰው እልክልሻለሁ። የአንቺን ቅጂ ከፒያኖው ጋር ድምፅ በድምፅ አስተያይቼ ያገኘሁትን በሚቀጥለው ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ፤ መምህሬም ለመስማት እየጠበቀች ነው።

ለወንድሞችሽና ለልጆችሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ።

የዘወትር ወዳጅሽ
ከአዲስ አበባ