ለአባባ፣ ስለ አዲሱ ካሜራ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ ቀለል አለልዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የሕፃኗም ክርስትና በሰላም አለፈ። ባለፈው ስለ ገዛሁት ካሜራ ሲጠይቁኝ ስልኩ ተቋረጠና ሳልነግርዎ ቀረሁ፤ በቃል ከምቸኩል ብጽፍልዎ ይሻላል ብዬ ነው።

ካኖን ነው፤ አር 50 ይሉታል፣ በፈረንጆቹ 2023 የወጣ። ባትሪውና ካርዱ ገብተውበት 375 ግራም ብቻ ይመዝናል። ውስጡ መስተዋት የለውም። የእርስዎ የፊልም ካሜራ፣ ዘኒቱ፣ ሲያነሳ ቀጭ የሚለው መስተዋቱ እየተነሳ ነበር፤ እዚህ ብርሃኑ ከሌንሱ በቀጥታ በፊልም ፈንታ ያለው ሴንሰር ላይ ያርፋል፣ ዓይኔን የማስጠጋበት ቀዳዳም ውስጡ ትንሽ ስክሪን ነው። ስለዚህ ገና ሳላነሳ ፎቶው ምን ያህል እንደሚበራ ወይም እንደሚጨልም አያለሁ። አባባ፣ እርስዎ ፊልሙ እስኪታጠብ ድረስ በልብዎ ብቻ ይዘውት የሚቆዩትን ነው እኮ ቀድሜ የማየው! ከሁሉ የገረመኝ ይሄ ነው።

ቤተ ክርስቲያን እንደሚያውቁት ሁሉም ነጭ ለብሷል። ብርሃን መለኪያው ዛሬም የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ይጎትተዋል፤ ነጠላ ሲበዛበት ብርሃን የበዛ መስሎት ያጨልመዋል። ነጠላው ይጠቁራል፣ የሰዎቹ ፊት ጭራሽ ይጠፋል። ደሴ ፎቶ ቤት ነጭ የለበሰ ሰው ሲመጣ ሌንሱን አንድ ደረጃ ከፈት ያደርጉ ነበር አይደል? እኔም ብርሃኑን በአንድ ጨመርኩለት። ወዲያው ከፊቴ የቆሙት አዛውንት እናት ፊት ወጣ፤ ግንባራቸው ላይ ያለው የመስቀል ንቅሳት፣ የነጠላቸው ጥለት ላይ ያለው አረንጓዴ ክር ሳይቀር ተለይቶ ታየ። እንባዬ መጣ።

ያልወደድኩት አብሮት የመጣውን ሌንስ ነው። ብርሃን ይሰስታል፤ ለማቅረብ ሲስቡት የሌንሱ ቀዳዳ ጠብቦ ኤፍ 6.3 ላይ ይወርዳል። በጧፍ ብርሃን ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት፣ አይ ኤስ ኦው፣ ይሰቀልና ጥቁሩ ቦታ ሁሉ አሸዋ የተነዛበት ይመስላል።

ታዲያ ስመጣ የሰጡኝን የዘኒቱን ሌንስ፣ ሄሊዮሱን፣ አወጣሁት፤ 58 ሚሊሜትሩን፣ ኤፍ 2ቱን። ርካሽ የማገናኛ ቀለበት አለ፣ ዘኒቱ ላይ እንደሚጠመዘዘው ተጠምዝዞ ገባ። ካሜራው ስለማያውቀው ያለ ሌንስ እንዲያነሳ የሚፈቅደውን ምርጫ ከሜኑው መክፈት ብቻ ነው። ያኛው ሌንስ ተስቦ ሲያልቅ ከሚያስገባው አሥር እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል! ፎከሱ በእጅ ነው፤ የጠራውን ጠርዝ ግን ካሜራው በቀይ ያሳየኛል። ሴንሰሩ ከፊልሙ ስለሚያንስ 58ቱ እንደ 93 ያቀርባል፣ ለፊት ፎቶ በጣም ተስማምቶኛል። የልጅ ልጅዎን ያነሳኋት በእርሱ ነው።

ፎቶዎቹን ስልክ ላይ እንዲያዩአቸው አልፈልግም፣ ለዓይንዎ ያንሳሉ። በትልቁ አሳትሜ ለገና በሚመጣ ሰው እልካለሁ። የአዛውንቷ ፊት ከዚያም በላይ መብራት ነበረበት ወይስ በቂ ነው? አይተው ከጥምቀት በፊት ይደውሉልኝ፤ እዚህም ታቦት ይወጣል፣ ቀኑን ሙሉ ነጭ በለበሰ ሰው መካከል ነው የምውለው።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ልጅዎ