ከጎጃም የሚወጣ መንገደኛ የጎጃምን ይያዝ

ውድ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፈው በባሕር ዳር አየር ማረፊያችን ውስጥ ስላለችው ትንሽ የስጦታ ዕቃ ሱቅ ነው። ሰው ለጉዞ ሲጣደፍ ስጦታ መግዛቱን ይረሳል። ፍተሻውን ካለፈ በኋላ ነው «ባዶ እጄን እንዴት እገባለሁ?» የሚለው። ያኔ ያለችው ያቺ ሱቅ ብቻ ናት።

በቅርቡ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ገባሁ። ከውጭ የመጣ የቁልፍ መያዣ፣ የትም የሚገኝ ቲሸርት፣ ማግኔት። አንዲት የውጭ አገር መንገደኛ ከእንጨት የተሠራች ቀጭኔ አንስታ «ይሄ የዚህ አገር ሥራ ነው?» ብላ ጠየቀች። ሻጯ መልስ አጣች። ልጅቷ ምን ታድርግ፣ የተሰጣትን ነው የምትሸጠው። እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ።

ጣና እኮ አጠገባችን ነው! በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ የተመዘገበ ሐይቅ ነው፤ ዳር ዳሩን የሚኖሩት ወይጦዎች ከደንገል ታንኳ ይሠራሉ፣ በመዳፍ የምትያዝ ትንሽዬም ሠርተው ለጎብኚ ይሸጣሉ፣ ክብደት የላትም፣ ካርቶን ብቻ ቢዘጋጅላት ሳትጨፈለቅ የትም ትደርሳለች። የዘጌ ቡና አለ፣ ከገዳማቱ ደን ጥላ ሥር የሚለቀም። የቡሬ በርበሬ አለ። እናቶቻችን ከአክርማና ከሰንደዶ የሚሰፏት ሙዳይስ? በወስፌ እየተወጋች፣ ዙር በዙር ላይ እየተጨመረ፣ ክዳኗ ልክክ ብሎ እስኪገጥም ስንት ቀን ይፈጃል! ይህ ሁሉ ገበያ ላይ ሞልቶ ሱቋ ውስጥ የለም።

ማርም ቢሆን በትንንሽ ብልቃጥ ይሸጥ። ከቦሌ ወደ ውጭ የሚቀጥል ሰው ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ በእጅ ሻንጣ ይዞ አያልፍም፤ ማር ደግሞ እንደ ፈሳሽ ነው የሚቆጠረው። ኪሎ ማር ገዝቶ ፍተሻ ላይ ከሚቀማ ይሻላል።

በየዕቃው ላይ ከየት እንደመጣ፣ ከምን እንደተሠራና ዋጋው ስንት እንደሆነ የሚገልጽ ወረቀት ይንጠልጠልበት። አውሮፕላን ሊነሳ ሲል የሚከራከር ሰው የለም።

እባካችሁ ጋዜጠኛ ላኩና ጠይቁልን፦ የሱቅ ቦታው በምን መስፈርት ነው የሚከራየው? ሰፌት የሚሰፉ እናቶች ተደራጅተው ቢመጡ አንድ መደርደሪያ ያገኛሉ ወይ? መልሱን ከእናንተ እጠብቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከጎጃም